አዳራሽ ሳይኖረው የተጀመረው ትያትር

መካነ ሰላም ላይ ስለ ትያትር ወሬ በተነሳ ቁጥር «አዳራሹስ የታለ?» ተብሎ እዚያው ይቆማል። እስቲ ዛሬ የሀገር ፍቅርን ነገር ላጫውታችሁ።

ሀገር ፍቅር ሲጀመር ማኅበር እንጂ ትያትር ቤት አልነበረም። ሐምሌ 1927 ዓ.ም. ጣሊያን በድንበር ጦሩን ሲያከማች አቶ መኮንን ሀብተ ወልድ (ኋላ ሚኒስትር ሆነው በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር የተገደሉት) ሰው አሰባስበው አቋቋሙት። ዓላማው አንድ ነበር፦ ወራሪ እየመጣ መሆኑን ለሕዝቡ መንገርና ወኔውን መቀስቀስ። በንግግር፣ በግጥም፣ በዘፈን፣ በፉከራ። መስከረም 1928 ወረራው ሲጀመር ማኅበሩ ገና ሦስት ወር አልሞላውም። በወረራው ዘመን ተዘጋ። ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ነው ፒያሳ ላይ እነ ጥላሁን ገሠሠን ያወጣው መድረክ የሆነው።

ብሔራዊ ትያትር በአንፃሩ ሕንፃው ቀደመ። ጣሊያኖች ለሲኒማ የጀመሩት ነው፤ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት አልቆ በመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተመረቀ። ያማረ ቤት ነው፣ አልክድም። ለእኛ የሚሆነን ግን የሀገር ፍቅር መንገድ ነው።

ሩቅ ሳንሄድ ደሴን እንይ። በደርግ ዘመን የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ማሪቱ ለገሰን የመሰለች ድምፃዊ ይዞ አምባሰልን ለአገር ያሰማው የወሎን ሰው ዜማ ይዞ ነው።

እኛም ጋ ያለው ይኸው ነው። በጋ ላይ ሰርግ የዋለ ያውቀዋል፦ መሸት ሲል አንዱ ጎረምሳ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ከዘራ ይዞ፣ እያሳለ ዳስ ይገባል። ሽማግሌ ሆኗል። ሌላው ተነስቶ በጠፋች በግ ይከሰዋል፤ ሦስተኛው «እረፉ እንጂ!» እያለ ይዳኛል። ሙሽሮቹ ሳይቀሩ በሳቅ ይፈርሳሉ። ማን ጻፈው? ማንም። ተዋናይም ተመልካችም ሞልቷል፤ የጎደለው እነዚህን ልጆች ሰብስቦ የሚያለማምድ ማኅበር ነው።

የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ግቢ ተማሪዎች፣ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህራን፣ ክራርና ማሲንቆ የምትጫወቱ፦ ለመጪው በጋ አንድ የግማሽ ሰዓት ትርኢት እናዘጋጅ። ሜዳ ላይም ቢሆን እናሳያለን። ፈቃደኛ የሆናችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።