ጥረት ብቻውን ይበቃል?

«ሰው ከጣረ የማይደርስበት የለም» ሲባል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ግን ሙሉ አይደለም።

እስቲ ከኮተቤ በላይ ያለውን የየካንና የእንጦጦን ዳገት እንመልከት። አትሌቶቻችን ጎህ ሲቀድ እዚያ ይሮጣሉ። በዚያው ዳገት ለብዙ ዓመታት እናቶችና ልጃገረዶች የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ወርደዋል። ማንኛቸው የበለጠ ደከሙ? ሽልማቱ በላብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንጨት ተሸካሚዋም ሜዳሊያ በተገባት ነበር! ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያገኘው በጥረቱ ነው። ሆኖም የደጋው አየር፣ አሠልጣኞችና የቡድን ጓደኞችም አግዘውታል። እንጨት ተሸካሚዋ ግን እንዲህ ያለ ድጋፍ አልነበራትም፤ ድካሟ በዕለት ጉርስ አለቀ።

ራስን መግዛትስ?

በአሜሪካ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት 28 ሕፃናትን ለሁለት ከፈሉ። ለሁሉም «የተሻለ የሥዕል ቀለም እናመጣላችኋለን» አሏቸው። ለግማሾቹ አመጡላቸው፤ ለሌሎቹ ግን ቃላቸውን አጠፉ። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጣፋጭ ሰጥተው፣ ሳይበላ ከጠበቀ ሌላ እንደሚጨመርለት ነገሩት። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ታገሡ። የተዋሹት ግን 3 ደቂቃ ያህል ብቻ! እንግዲህ ትዕግሥት ነገን ከማመን ጋር የተያያዘ ነው ማለት ነው።

ኤች አይ ቪን በመከላከልም ይኸው ነው። «ታቀቡ» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን የደብተርና የታክሲ ገንዘብ ያጣች ተማሪ፣ «ሁሉን እኔ እችልልሻለሁ» የሚል ትልቅ ሰው ሲቀርባት «እምቢ» ወይም «በኮንዶም ይሁን» ለማለት አቅም ሊያንሳት ይችላል። ጫትና መጠጥ በተሰበሰበበት ቤት ከጓደኞቹ መሐል የተቀመጠ ልጅም እንዲሁ። ቫይረሱን ከእናታቸው ይዘው የተወለዱም ከእናንተው ጋር ይማራሉ። ስለዚህ ቫይረሱ በደሙ የሚገኝን ሰው «ራሱን ስላልገዛ ነው» ብለን አንፍረድ።

ታዲያ ጥረት ዋጋ የለውም?

አለው እንጂ! ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ጥረታችሁን ከፈተናው ሰዓት በፊት አውሉት።

አንደኛ፣ የሚጎትታችሁን ነገር ለዩ። የገንዘብ ችግር ነው? የጓደኛ ግፊት ነው? ብቸኝነት ነው? መፍትሔው እንደየችግሩ ይለያያል።

ሁለተኛ፣ ከቤት ሳትወጡ ወስኑ። ከማን ጋር ትሄዳላችሁ? ስንት ሰዓት ትመለሳላችሁ? በምን? የመመለሻ ሒሳብ ከኪሳችሁ አይጥፋ። ሞቅ ካለ በኋላ መወሰን ከባድ ነው።

ሦስተኛ፣ ብቻችሁን አትታገሉ። ለምታምኑት መምህር፣ ለታላቅ እህት ወይም ለክበብ ጓደኛ ንገሩ። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ምክርና ምርመራ ማግኘትም ትችላላችሁ። ቫይረሱ ቢገኝ እንኳ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላው አያስተላልፍም።

በመጨረሻም፣ እናንተም የሌላውን ሕይወት ከሚቀርጹት አንዱ መሆናችሁን አትርሱ። ታናሽ ወንድማችሁን «ቅዳሜ አስጠናሃለሁ» ብላችሁት ከሆነ፣ ቅዳሜ ቁጭ ብላችሁ አስጠኑት።