የኩላሊት ጠጠርና የሕክምናው ፈተና

የኩላሊት ጠጠር የሚፈጠረው በሽንት ውስጥ ሟሙተው መውጣት የነበረባቸው ማዕድናት ሲበዙ ወይም የሚያሟሟቸው ውኃ ሲያንስ ነው። መጀመሪያ ለዓይን የማይታዩ ክሪስታሎች ይሆናሉ፤ ከዚያ እርስ በርስ እየተያያዙ በወራትና በዓመታት ያድጋሉ። አንዳንዱ ጠጠር ከአሸዋ ቅንጣት አይበልጥም፤ አንዳንዱ ደግሞ ቅርንጫፍ አውጥቶ የኩላሊቱን ክፍተት በሙሉ ይሞላል። አብዛኞቹ ጠጠሮች ካልሲየም ያለባቸው ሲሆኑ ዋነኛው ካልሲየም ኦክሳሌት ነው። ከዩሪክ አሲድ የሚሠሩ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን ተከትለው የሚመጡ፣ በዘር በሚወረስ ችግር የተነሳ ከሲስቲን የሚፈጠሩም አሉ። የዩሪክ አሲድ ጠጠር የሽንትን አሲድነት በሚቀንስ መድኃኒት ሊሟሟ ይችላል፤ የካልሲየም ጠጠር ግን በዚህ መንገድ አይሟሟም። ስለዚህ ከሽንት ጋር የወጣ ጠጠር መጣል የለበትም። ላቦራቶሪ ገብቶ ዓይነቱ ሊታወቅ ይገባል።

ጠጠር ኩላሊት ውስጥ እስከተቀመጠ ድረስ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይኖራል። ስቃዩ የሚጀምረው ከኩላሊት ወደ ፊኛ ወደሚወርደው ቧንቧ ሲገባ ነው። ቧንቧው ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ የውስጥ ስፋቱ ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በሦስት ቦታ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይጠባል፦ ከኩላሊቱ በሚነሳበት፣ ትልልቆቹን የዳሌ የደም ሥሮች በሚሻገርበትና ፊኛ ውስጥ በሚገባበት። ጠጠሩ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ሲሰካ ሽንት ከኋላው ይጠራቀማል፣ ኩላሊቱም ይወጠራል። ከጎን ተነስቶ ወደ ብሽሽት የሚወርደው፣ መጥቶ የሚሄደውና የሚያስመልሰው ሕመም የሚመጣው ከዚህ ውጥረት ነው እንጂ ብዙዎች እንደሚያስቡት ጠጠሩ ቧንቧውን ከመቧጨሩ ብቻ አይደለም። ከሕመሙ ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በተዘጋ ኩላሊት ውስጥ ኢንፌክሽን መኖሩን ያመለክታልና ሕይወትን የሚያሰጋ ድንገተኛ ሕመም ነው። የታጎረው ሽንት ሳይዘገይ መውጫ ካልተበጀለት ፀረ ተሕዋሲያን መድኃኒት ብቻውን አይበቃም።

ለዚህ ሕመም ሞርፊንን የመሰሉ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ ቀዳሚውን ቦታ ይዘው ኖረዋል። ከባድ ሕመም ከባድ መድኃኒት ይፈልጋል የሚለው ሐሳብ ትክክል ይመስል ነበር። ሐሳቡ በቁጥር የተፈተነው በኳታር፣ ዶሃ፣ በሐማድ ጠቅላላ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በታተመው በዚህ ጥናት 1,645 ሕሙማን በዕጣ ከሦስት ተከፍለው አንዱ ወገን ዳይክሎፌናክ፣ ሁለተኛው ፓራሲታሞል፣ ሦስተኛው ሞርፊን በመርፌ ተሰጠው። የትኛውን እንደወሰደ ሕመምተኛውም ሆነ ሕመሙን የሚመዝነው ባለሙያ አያውቅም ነበር። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሕመማቸው ቢያንስ በግማሽ የቀነሰላቸው ዳይክሎፌናክ ከወሰዱት 68 ከመቶ፣ ፓራሲታሞል ከወሰዱት 66 ከመቶ፣ ሞርፊን ከወሰዱት ደግሞ 61 ከመቶ ነበሩ። ዳይክሎፌናክ የሚረዳው ሕመሙን በማደንዘዝ ብቻ አይደለም፤ በተዘጋው ኩላሊት ውስጥ ያለውን ግፊት ጭምር ይቀንሳል። ኩላሊታቸው ለደከመና የጨጓራ ቁስለት ላለባቸው ሰዎች ግን አይሆንም። ጥናቱ ዶሃ ላይ መካሄዱም ያለ ምክንያት አይደለም። በሞቃትና ደረቅ አገር ሰውነት ውኃውን በላብ ያጣል፣ ሽንት ይወፍራል፣ ጠጠርም ይበዛል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ፀሐይ ላይ ውለው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ለዚህ ሕመም የተጋለጡት በዚሁ ምክንያት ነው።

ጠጠርን በቁጥር መመርመር ግን የቅርብ ጊዜ ነገር አይደለም። የጥንት ሐኪሞች በብዛት የሚያውቁት የፊኛ ጠጠርን ነበር፤ መፍትሔውም ቢላዋ ነበር። የሂፖክራጥስ ቃለ መሐላ ሐኪሙ ጠጠር ለማውጣት ሰው እንዳይቀድ ይከለክላል፤ ሥራው ለባለ ሙያዎቹ እንዲተው ያዛል። ያኔ ማደንዘዣም ሆነ የቁስል ንጽሕና እውቀት ስላልነበረ ክልከላው አያስደንቅም። እ.ኤ.አ. በ1824 ዣን ሲቪያል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ሥጋ ሳይቀደድ በሽንት መውጫ በኩል መሣሪያ አስገብቶ የፊኛን ጠጠር እዚያው መሰባበር ጀመረ። ይህን ካደረገ በኋላ ሌላ ነገር ጨመረ፤ ከልዩ ልዩ የአውሮፓ ቦታዎች የሕሙማንን መዝገብ ሰብስቦ የሁለቱን ዘዴዎች የሞት መጠን አነጻጸረ። በቢላዋ ከታከሙት ከአምስት አንድ ገደማ ሲሞት፣ በመሰባበር ከታከሙት የሚሞተው ከመቶ ሁለት ገደማ ነበር።

ሥራው እ.ኤ.አ. በ1835 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ሲቀርብ፣ የሒሳብ ሊቁ ፕዋሶን የነበረበት ኮሚቴ ነቀፌታ አቀረበ። ሐኪም የሚያክመው አንድን ሰው ነው፤ የብዙዎች ድምር ስለዚያ ሰው ምን ይነግረዋል የሚል ነበር ነቀፌታው። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ዛሬም ይነሳል። ይሁን እንጂ የማነጻጸሩ እውነተኛ ድካም ሌላ ቦታ ላይ ነበር። ጠጠሩ አነስ ያለና አቅሙ ያልደከመ ሰው ለመሰባበር ይመረጣል፤ የባሰበት ደግሞ ለቢላዋ ይቀራል። እንዲህ ሲሆን የውጤቱ ልዩነት ከዘዴው ይምጣ ከሕሙማኑ አይለይም። ዛሬ ሕሙማን በዕጣ የሚመደቡት ይህን ለማስቀረት ነው። ዕጣ ደካማውንም ብርቱውንም ለሁለቱ ወገኖች ሳያዳላ ያድላል።

የኩላሊት ጠጠርን ያለ ቢላዋ የመስበሩ ነገር የመጣው ከአውሮፕላን ፋብሪካ ነው። ፍሪድሪክስሃፈን ላይ የሚገኘው የጀርመኑ ዶርኒየር ኩባንያ መሐንዲሶች፣ በከፍተኛ ፍጥነት የሚበር አውሮፕላን ከዝናብ ጠብታ ጋር ሲጋጭ ምን እንደሚሆን ያጠኑ ነበር። ግጭቱ የሚፈጥረው ድንገተኛ የግፊት ሞገድ በብረቱ ውስጥ አልፎ ከተመታው ቦታ ርቆም ጉዳት እንደሚያደርስ ተገነዘቡ። ሞገዱ በውኃና በሥጋ ውስጥ ብዙም ሳይዳከም ያልፋል፤ ሁለቱ በጥግግታቸው ይቀራረባሉና። ጠጠር ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። የሙኒክ ሐኪሞች ከኩባንያው ጋር ሆነው ሞገዱን መጀመሪያ በላቦራቶሪ፣ ቀጥሎ የሰው ጠጠር በተቀበረባቸው ውሾች ላይ ሞከሩት። እ.ኤ.አ. የካቲት 7 ቀን 1980 ክርስቲያን ሾሲና ባልደረቦቹ ሙኒክ ውስጥ የመጀመሪያውን ሰው አከሙ። የመጀመሪያዎቹ 21 ሕሙማን ውጤት በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ታተመ።

የመጀመሪያው መሣሪያ ትልቅ የውኃ ገንዳ ነበረው። ሕመምተኛው ማደንዘዣ ተሰጥቶት ገንዳው ውስጥ ይነከራል። ከሥሩ ሞላላ ቅርጽ ያለው ጎድጓዳ የብረት አንጸባራቂ አለ፤ በውስጡም በሁለት የኤሌክትሪክ ጫፎች መካከል ወደ 20 ሺህ ቮልት በሚጠጋ ኃይል ብልጭታ ይፈጠራል። ብልጭታው ውኃውን በቅጽበት ያተንና ሞገድ ያስነሳል። ሞላላ ቅርጽ ሁለት የትኩረት ነጥቦች ስላሉት ከአንዱ የተነሳው ሞገድ ሁሉ ተንጸባርቆ በሌላው ላይ ይገናኛል። ሐኪሙ በራጅ እያየ ጠጠሩን በዚያ ሁለተኛ ነጥብ ላይ ያስቀምጣል። ቆዳውና ሥጋው የሚያልፍባቸው ሞገድ የተበታተነ ስለሆነ ብዙም አይጎዱም፤ ጠጠሩ ግን የተሰበሰበውን ግፊት ሁሉ ይቀበላል። ሞገዱ በጠጠሩ ጀርባ ተመልሶ ሲመጣ ከውስጥ ይስበዋል፤ በዙሪያው የሚፈጠሩት ጥቃቅን አረፋዎችም ሲፈነዱ ገጹን ይፈረፍሩታል። ከአንድ ሺህ በላይ ምት ከተሰጠ በኋላ የተፈረፈረው ጠጠር በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ከሽንት ጋር ይወጣል። በዛሬዎቹ መሣሪያዎች ገንዳው ቀርቶ ውኃ የሞላው የጎማ ትራስ በቅባት ከቆዳ ጋር ይገናኛል፤ ብዙ ጊዜም ሙሉ ማደንዘዣ አያስፈልግም።

ምቱ በፈጠነ ቁጥር ሥራው ቶሎ ያልቃል፤ ብዙ ቦታም በደቂቃ 120 ይሰጥ ነበር። ቶሮንቶ ውስጥ 220 ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ በደቂቃ 60 ምት፣ ግማሾቹ 120 ሲሰጣቸው ግን ቀርፋፋው በለጠ። ከሦስት ወር በኋላ ሕክምናው የተሳካላቸው በ60 ምት ከታከሙት 75 ከመቶ፣ በ120 ምት ከታከሙት ደግሞ 61 ከመቶ ነበሩ። አንዱ ምክንያት ከአንድ ምት የቀሩት አረፋዎች ሳይጠፉ የሚቀጥለው መድረሱ ነው፤ ሞገዱን ይከልሉታል። መሣሪያው ጉዳት የለውም ማለትም አይደለም። በኩላሊት ዙሪያ ደም ሊፈስ ይችላል፤ ለነፍሰ ጡርና ደሙ በቀላሉ ለማይረጋ ሰው አይሰጥም።

ሞገድ ሁሉንም ጠጠር አይሰብርም። ለትልልቆቹ እ.ኤ.አ. በ1976 ስዊድን ውስጥ የተጀመረው፣ ከጀርባ በጠባብ ቀዳዳ ኩላሊት ውስጥ ገብቶ ጠጠር የማውጣት ዘዴ ይመረጣል። ቧንቧው ውስጥ ለተሰኩት ደግሞ በሽንት መውጫ የሚገባ ቀጭን መመልከቻና በውስጡ የሚያልፍ የሌዘር ጨረር አለ። በብሪታንያ 613 ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው ሞገዱና መመልከቻው ሲነጻጸሩ፣ ተጨማሪ ሕክምና ያስፈለጋቸው በሞገድ ከጀመሩት 22 ከመቶ፣ በመመልከቻ ከጀመሩት 10 ከመቶ ገደማ ነበሩ። ሞገዱ ግን ወጪው ያነሰ ነው፤ ከአምስቱ ለአራቱ ገደማ ደግሞ ብቻውን በቅቷል። ስለዚህ የትኛው ይቅደም የሚለውን የጠጠሩ መጠን፣ ያለበት ቦታና የሆስፒታሉ አቅም ይወስኑታል።

ከ5 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይወጣል። መውጣቱን ያፋጥናል ተብሎ ታምሱሎሲን የተባለው የፕሮስቴት መድኃኒት ለዓመታት በስፋት ታዝዟል፤ የቧንቧውን ጡንቻ ያላላል፣ ትናንሽ ጥናቶችም ደግፈውት ነበር። በ24 የብሪታንያ ሆስፒታሎች ከ1,100 በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት ግን ታምሱሎሲን ከወሰዱት 81 ከመቶ፣ መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ እንክብል ከወሰዱት ደግሞ 80 ከመቶ በአራት ሳምንት ውስጥ ሌላ ሕክምና እንዳላስፈለጋቸው አሳየ። ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ሆነው ፊኛ አጠገብ ለደረሱት ይጠቅም ይሆናል የሚል ክርክር ቀርቷል፤ ለትናንሾቹ ግን ጥቅሙ አልታየም።

ጠጠር መስበር ጠጠር የሚፈጥረውን ምክንያት አያስወግድም፤ ስለዚህ ብዙዎች ላይ ይመለሳል። ለረጅም ዘመን ለሕሙማን ወተትና አይብ እንዲተዉ ይነገራቸው ነበር፤ ጠጠሩ ካልሲየም ከሆነ ካልሲየም መቀነስ አለበት በሚል። ጣሊያን ውስጥ 120 ወንዶች ለአምስት ዓመት ክትትል ሲደረግላቸው ውጤቱ ተቃራኒው ሆነ። ካልሲየም ከቀነሱት 60 ሰዎች 23ቱ ላይ ጠጠሩ ተመለሰ፤ ካልሲየሙን ሳይቀንሱ ጨውና ሥጋ ከቀነሱት 60 ሰዎች ግን 12ቱ ላይ ብቻ። ከምግብ ጋር የሚገባ ካልሲየም አንጀት ውስጥ ኦክሳሌትን ይዞ ያስወጣዋል፤ ካልሲየም ሲጠፋ ኦክሳሌቱ ወደ ደም፣ ከዚያም ወደ ሽንት ይገባል። ጠጠርን ለመከላከል ለአሥርተ ዓመታት የታዘዘው ሃይድሮክሎሮታያዛይድም ስዊዘርላንድ ውስጥ በ416 ሰዎች ላይ ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመው ውጤት ከአስመሳይ እንክብል የጎላ ልዩነት አላሳየም።

ፈተናውን ያለፈው ውኃ ነው። እዚያው ጣሊያን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጠር የወጣላቸው 199 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ብዙ ውኃ ከጠጡት 12 ከመቶ፣ እንደ ወትሮው ከጠጡት ደግሞ 27 ከመቶ በአምስት ዓመት ውስጥ ጠጠሩ ተመለሰባቸው። ልኩ የሚታወቀው በሚጠጣው ሳይሆን በሚሸናው ነው። የሐኪሞች መመሪያ በቀን ከ2 ሊትር ተኩል ያላነሰ ሽንት እንዲኖር ይመክራል፤ በሞቃት ቦታ የሚሠራ ሰው እዚህ ለመድረስ ከሌላው አብልጦ መጠጣት አለበት። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ድክመት ያለበት ሰው ግን የውኃውን መጠን ከሐኪሙ ጋር ሳይመክር መጨመር የለበትም።