ከንቲባው ጠዋት ተነስቶ ምን ይሠራል?

የአካባቢ አስተዳደር ኮርስ የጀመርን ዕለት መምህራችን "ለመሆኑ ከንቲባ ምን ይሠራል?" ብለው ጠየቁን። ከኋላ ወንበር አንዱ "ሪባን ይቆርጣል!" ሲል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ስቄያለሁ። ሳቁ ሲያልፍ ግን ትዝ ያለችኝ እናቴ ነበረች።

እኛ ሰፈር በየክረምቱ ቦዩ እየሞላ ጎርፉ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። አንድ ዓመት ነሐሴ ላይ ጓዳ ገባና ለዓመት ያስቀመጥነውን እህል አበላሸው። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቀበሌ ሄደች። "ይሄ የመንገድ ሥራ ጉዳይ ነው" አሏት። መንገድ ሥራ ስትሄድ ደግሞ "የፍሳሽ ጉዳይ ነው እማማ፣ እኛን አይመለከትም" ተባለች። በመጨረሻ "እንግዲያው ከንቲባው ራሱ ይፍረደኝ" ብላ ሦስት ቀን ተመላለሰች። አንዴ ስብሰባ ላይ ነው፣ አንዴ መስክ ወጥቷል፣ አንዴ ደግሞ ባለጉዳይ የሚቀበልበት ቀን አይደለም። ሳታገኘው ቀረች። ይህንን ጽሑፍ የጻፍኩት "እና ከንቲባው ሥራው ምንድን ነው ታዲያ?" ላለችው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ነው።

ማዕረጉና ሥልጣኑ

ከንቲባ የሚለው ማዕረግ ትናንት የመጣ አይደለም። በቀድሞው ዘመን የጎንደር ከተማ ሹም ከንቲባ ይባል ነበር። ያ ሹም ግን የሚሾመው ከላይ ነው፤ የሚጠየቀውም ለሾመው ነው። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለው ተረት የተወለደው እንዲህ ባለው አስተሳሰብ ውስጥ ይመስለኛል። ሹመት እንጀራ እንጂ አደራ ተደርጎ አይታይም ነበርና።

የዛሬው ከንቲባ በሕግ የተወሰነ ሥራና ተጠሪነት አለው። አዲስ አበባን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 ለከተማዋ ነዋሪዎች ራስን በራስ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ይሰጣል፤ እዚያው ላይ ግን አስተዳደሩን ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ ያደርገዋል። ዝርዝሩን የያዘው የከተማዋ ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361/1995 ነው። ነዋሪው በቀጥታ የሚመርጠው የምክር ቤት አባላትን ሲሆን ከንቲባውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው። በመስከረም 2014 ዓ.ም. ወይዘሮ አዳነች አቤቤ ለቦታው የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ሆነው የተመረጡትም በዚሁ መንገድ ነው።

ስለዚህ ከንቲባው ሁለት አለቃ አለው፤ ከታች ምክር ቤቱ፣ ከላይ የፌዴራል መንግሥት። ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ምክር ቤቱ ሥራ ባለመጀመሩ ከተማዋ ከ1998 እስከ 2000 ዓ.ም. የተመራችው በፌዴራል መንግሥት በተሾመ ባለአደራ አስተዳደር ነበር።

የቀን ውሎው

አፓረንትሺፕ በወጣሁ ጊዜ የተመደብኩት አንድ የከተማ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነበር። ያየሁት ውሎ ቴሌቪዥን ላይ ከምናየው በጣም ይለያል። የቀኑ ትልቁ ክፍል የሚያልቀው በስብሰባና በወረቀት ነው። ካቢኔው ይሰበሰባል፤ የየቢሮው ኃላፊ ሪፖርት ያቀርባል፤ የዘገየ ፕሮጀክት ለምን እንደዘገየ ይጠየቃል። ከሰዓት መስክ ይወጣል፤ አለዚያ ከበላይ አካል ጋር ሌላ ስብሰባ ይኖራል። ባለጉዳይ የሚቀበለው በሳምንት በተወሰነ ቀን ብቻ ነው። በዚያ ቀን ደግሞ ወረፋው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይጀምራል።

ወረፋው ላይ ቆሜ ሰውን አነጋግሬያለሁ። አንዱ የይዞታ ካርታ ዘግይቶበት ነው፣ ሌላዋ የጎረቤት አጥር፣ ሌላው የልጁ ሥራ ማጣት። አብዛኛው ጉዳይ ታች ወረዳ ላይ ማለቅ የነበረበት ነው። ታች ስላላለቀ ነው ላይ የመጣው። ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር የከንቲባው በር ላይ ያለው ወረፋ ርዝመት የታችኛው መዋቅር ድክመት መለኪያ መሆኑን ነው። ሰው ከንቲባውን ፍለጋ የማይመጣበት ከተማ፣ እሱ ነው እኮ ደህና ከንቲባ ያለው!

ምን ይቅደም?

የከንቲባ ዋናው ሥራ ታዲያ ቅደም ተከተል ማስያዝ ነው። ውሃ፣ መንገድ፣ ቤት፣ ቆሻሻ፣ ትራንስፖርት፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፤ ሁሉም "እኔ ልቅደም" ይላል። ገንዘቡ ደግሞ ውስን ነው። አዲስ አበባ እንደ ክልሎች ከፌዴራል ጥቅል ድጎማ ስለማትጠብቅ በጀቷ በአብዛኛው ከራሷ ነዋሪ የሚሰበሰብ ግብርና የአገልግሎት ክፍያ ነው።

ቅደም ተከተል ሲዛነፍ ምን እንደሚመጣ ለማየት ከቆሼ የበለጠ ምሳሌ የለም። ቆሼ ለበርካታ አሥርት ዓመታት የአዲስ አበባ ቆሻሻ የተከመረበት ቦታ ነው። ዙሪያውን ሰው ይኖር ነበር፤ ክምሩ ላይ የሚሸጥ ነገር እየለቀመ የሚተዳደርም ብዙ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ አካባቢ አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ ተከፍቶ ነበር፤ ነገር ግን በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ተዘጋና ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ለእኔ ከዚህ ሁለት ትምህርት ይወጣል። አንደኛ፣ ቆሻሻ ማንሳት ሪባን የማይቆረጥለት ሥራ ነው፤ ግን ሲዘገይ የሚከፈለው በሰው ሕይወት ነው። ሁለተኛ፣ ከተማ ብቻውን አይቆምም። ቆሻሻው ወደ ጎረቤት ገበሬ ማሳ ሲሄድ፣ ውሃው ደግሞ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ሲመጣ፣ ከጎረቤት ጋር መመካከር ራሱ የከንቲባ የዕለት ተግባር ይሆናል ማለት ነው።

እጁ የማይደርስበት

በሌላ በኩል ሁሉን ነገር በከንቲባው ማሳበብም ፍትሐዊ አይደለም። መብራት ሲጠፋ "ይሄ ከንቲባ!" እንላለን፤ ኤሌክትሪክ ግን በፌዴራል ተቋም እጅ ነው። ስልክና ኢንተርኔትም በከንቲባው እጅ አይደሉም። ሌላው ቀርቶ በከተማው ሥር ያለውን የማዘጋጃ ቤት አገልግሎት እንኳ በየዕለቱ የሚከታተል ራሱን የቻለ ሥራ አስኪያጅ አለ። ማን ለምን እንደሚጠየቅ አለማወቃችን ደግሞ የሚጎዳው እኛኑ ነው፤ እያንዳንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲያመላክተን "ኧረ የእናንተ ሥራ ነው" ብለን መሟገት አንችልም።

ሰኔና ነሐሴ

አፓረንትሺፑ ሊያልቅ ሲል የእናቴን ነገር ለአንድ የዕቅድ ባለሙያ አነሳሁለት። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "መቼ ነው የሄደችው?" ነሐሴ ላይ አልኩት። ሳቅ አለና አስረዳኝ። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። የሰፈር ጥያቄ ከወረዳ ተነስቶ ዕቅድ ውስጥ የሚገባው ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ ነው። ሰኔ ማለቂያና ሐምሌ መግቢያ ላይ ምክር ቤት ያጸድቀዋል። ሕዝቡ ግን ጎርፉ ቤቱ ሲገባ፣ ነሐሴ ላይ፣ ይመጣል። ያን ጊዜ ገንዘቡ ተከፋፍሎ አልቋል። ከንቲባው ቢያገኛትስ ኖሮ ከማዘን በቀር ብዙም የሚያደርገው አልነበረም።

ለካ የከንቲባ ቅድሚያ የሚታወቀው በንግግሩ ሳይሆን በበጀቱ ነው! እኛ ደግሞ የምንጠይቀው ሁልጊዜ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ የመንግሥት ድርሻ እንዳለ ሆኖ የነዋሪውም ድርሻ አለ፤ ዕቅዱ ሲወጣ መገኘት፣ ለመረጥነው የምክር ቤት አባል መንገር፣ በጀቱ ሲጸድቅ የኛ ሰፈር ስንት ደረሰው ብሎ መጠየቅ። መንግሥትም በበኩሉ የበጀት ውይይቱን ለይስሙላ ሳይሆን ሰው በሚሰማው ሰዓትና ቋንቋ ሊያደርገው ይገባል።

ይህንን ለእናቴ ስነግራት መጀመሪያ ተናደደች። "ታዲያ ያኔ ማን ነገረኝ?" አለች፤ እውነቷን ነው። በሚቀጥለው ዓመት ግን የካቲት ላይ የእድሩን ሰዎች ሰብስባ፣ ሁሉም ፈርመውበት፣ ማመልከቻውን ወረዳ አስገቡ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይባል የለ? ቦዩ ዕቅድ ውስጥ ገብቷል። መቆፈሩን ገና አላየንም። ነገር ግን እናቴ አሁን ከንቲባውን አትፈልግም፤ የምትጠይቀው የቦዩ ሥራ መቼ እንደሚጀመር ነው፤ የምትጠይቀውንም ሰው ታውቀዋለች።