ሳሩ የሚችላት ላም

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህች አጭር ጉዞ ከፍታው ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ይወርዳል፤ አየሩም አራት ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ሰው ቢበዛ ካፖርቱን ያወልቃል። ጥገት ላም ግን የምትበላው መጠን፣ የምትሰጠው ወተት፣ መልሳ የምትፀንስበት ጊዜ ሁሉ ይለወጥባታል።

በወተት ብዛት ፍሪዥያን የተባለችውን የውጭ ዝርያ ላም የሚያህል የለም። ችግሩ ሆዷ ነው። 550 ኪሎ የምትመዝን ፍሪዥያን በቀን 16 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። የክረምት ሳር አራት አምስተኛው ውኃ ስለሆነ 80 ኪሎ እርጥብ ሳር መጋጥ አለባት ማለት ነው። በነሐሴ ደሴ አጠገብ ባለው ቦሩ ሜዳ ላይ ይህ ይሞከር ይሆናል። በጥር ግን ሳሩ ይደርቃል፤ የደረቀ ሳር ፕሮቲኑ ከ7 በመቶ በታች ሲወርድ በጨጓራዋ ውስጥ ቃጫውን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ራሳቸው ይራባሉ። ሥራቸው ይዘገያል፤ የተበላውም ሳይብላላ ቦታ ይዞ ይቆያል። ላሚቱ ሆዷ ሞልቶ ትራባለች። ያም ሆኖ ወተቷ ወዲያው አይነጥፍም፤ ከገዛ ሥጋዋና ስቧ እየቀነሰች ትታለባለች፣ ትከሳለች፣ ኮርማ መፈለግም ታቆማለች። ካልፀነሰች ደግሞ የሚቀጥለው ወተት የለም። «ዘሯ አይረባም» ተብላ ለሥጋ የምትሸጥ ላም ብዙ ጊዜ እንዲህ የተራበች ናት፤ እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ሙቀቱ ይጨመራል። መኖ ሲብላላና ወተት ሲመረት የላሟ ገላ ይሞቃል። አየሩ 25 ዲግሪ ሲያልፍ ፍሪዥያን ያንን ሙቀት ማስወጣት ስለሚያቅታት መብላቷን ትቀንሳለች።

የአበሻ ላም በተቃራኒው ፀሐዩንም መዥገሩንም ትችላለች፤ ትንሽ ስለሆነችም የጥር ሳር ሕይወቷን ያቆየዋል። ነገር ግን በቀን ከአንድ ሁለት ሊትር አትዘልም፤ ያንንም ጥጃዋ ካልጠባ አትለቅም።

በመካከል ያለችው ጀርሲ በአገራችን ከሚገባት በታች ተወርቶላታል። ክብደቷ 400 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከፍሪዥያን ይልቅ ሙቀት ትችላለች፤ ወተቷም ወፍራም ነው። ፍሪዥያን 12 ሊትር ብትሰጥና ስቡ 3.6 በመቶ ቢሆን፣ የሚገኘው ስብ 430 ግራም ያህል ነው። ጀርሲ በ5 በመቶ ስብ 9 ሊትር ብትሰጥ 450 ግራም ይሆናል፤ ያውም ባነሰ መኖ። በክርስቲያኑ ጾም ወተት ቢተርፍ እንኳ ተንጦ ቅቤ ይሆናል፤ ደግነቱ ደሴም ኮምቦልቻም ሙስሊሙ ደንበኛ ስላለ ገበያው ጨርሶ አይዘጋም።

ኒውዚላንዶች ላምን በግጦሽ በማኖር የታወቁ ናቸው። የላምን ዋጋ የሚለኩት በአብዛኛው ከምትበላው ሳር አንጻር በምታስገኘው ስብና ፕሮቲን ነው፤ ዛሬ በብዛት የሚያረቡትም የፍሪዥያንና የጀርሲ ዲቃላ ነው። በእኛም አገር በሆለታ የምርምር ማዕከል የአገር ዝርያ የሆነው ቦረና ከፍሪዥያንና ከጀርሲ ጋር ለአሥርተ ዓመታት ተዳቅሏል። የመጀመሪያዋ ትውልድ፣ ማለትም 50 በመቶ ዲቃላዋ፣ የሁለቱን ወገን ብርታት ይዛ ትወጣለች።

በእኔ እምነት ለቦሩ ሜዳ አርቢ ግማሽ ፍሪዥያን፣ ለኮምቦልቻ ደግሞ ግማሽ ጀርሲ ትሻላለች፤ ኮምቦልቻ ላይ ጠዋትና ማታ ተሰማርታ፣ ቀትር ላይ ጥላ ሥር ፉርሽካና ፋጉሎ እየቀመሰች። የዲቃላዋን ጊደር እንደገና በፍሪዥያን ማስዳቀል ግን የውጭ ደሟን ወደ 75 በመቶ ያደርሰዋል፤ የመኖ ፍላጎቷም አብሮ ይወጣል። አዳቃይ ባለሙያው ከመጠራቱ በፊት በጥቅምት የታጨደው ድርቆሽ እስከ በልግ ዝናብ ያደርሳት እንደሆነ ማስላት ያስፈልጋል።