ጠጋ በሉ፣ ስለ ኩንታል ነው

ደብረ ታቦር እህል ተራ ላይ ጮክ ተብሎ የሚነገረው ዋጋው ነው። ደላላው "ኩንታሉ ይህን ያህል" ይላል፤ ከፋርጣ አህያ ነድቶ የመጣው ገበሬ ፊቱን ያኮሳትራል፤ ክርክሩ በብሩ ላይ ይካረራል። "ለመሆኑ ኩንታሉ ስንት ኪሎ ነው?" ብሎ የሚጀምር ግን የለም። 100 መሆኑን ያልሰማ ማን አለ? እኔ ከሚዛኑ ጎን ደብተር ይዤ የምቀመጥ ሰው ነኝ። ስለዚህ ቀረብ በሉና ልንገራችሁ፦ ኩንታል ሁልጊዜ 100 ኪሎ አይደለም። 100 ያልሆነ ቀን ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው አንደኛው ወገን ብቻ ነው።

ከቀላሉ ልጀምር፣ ከከሰል። "አንድ ኩንታል ከሰል አምጣልኝ" ስትሉ የሚመጣላችሁ አፉ በሣርና በቅጠል ተወትፎ በገመድ የተጠላለፈ ማዳበሪያ ነው። ሚዛን ላይ ብታወጡት 100 ኪሎ አጠገብ አይደርስም። ጆንያው እስኪተረተር ቢጠቀጠቅም አይደርስም። እዚህ ላይ ማንም ማንንም አላታለለም፤ ኩንታል የተባለው ዕቃው እንጂ ክብደቱ አይደለም። ሻጩም ገዢውም ያውቁታል።

ድንች ላይ ሲመጣ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ከጉና ሥር፣ ከጋሳይ በኩል የሚወርደው ድንች ጆንያው ሞልቶ አያበቃም። አፉ ላይ ሌላ የተቀደደ ጆንያ ይሰፋና "አናት" ይሠራለታል፤ አናቱም ይሞላል። ነጋዴው ይህንንም "ኩንታል" ይለዋል፣ የሚከፍለውም የአንድ ኩንታል ነው። አናቱ ውስጥ ስንት ኪሎ እንዳለ የሚታወቀው ባሕር ዳር ደርሶ በኪሎ ሲቸረቸር ነው። ገበሬው ያኔ ቤቱ ገብቷል። ታዲያ ሚዛን አጥተው እንዳይመስላችሁ። ድንቹ በሚዛን ቢሆን አናት የሚባል ነገር አይኖርም፤ አናቱ እንዲኖር ነው ሚዛኑ ጥግ የሚቀመጠው።

እህል ተራ ስውል የሰማሁትን ሁሉ ይዤ የቃሉን ዘር ማንዘር ሳጠያይቅ ደስ ያለኝ አንድ ነገር አለ። ይሄ ቃል ከጥንቱም እንዲሁ ነው። ሮማውያን 100ን "ኬንቱም" ይሉት ነበር፤ ከሱም 100 የያዘ ነገር "ኬንቴናሪዩስ" ተባለ። የቢዛንታይን ግሪኮች "ኬንቴናሪዮን" አሉት። በሶርያውያን አፍ አልፎ ዐረቦች ዘንድ ሲደርስ "ቂንጣር" ሆነ፤ በቁርኣንም ሱረቱ አሊ ዒምራን ውስጥ የወርቅና የብር ክምር የተገለጸው በዚሁ ቃል ብዙ ቁጥር ነው። ከዚያ ከዐረብ ነጋዴዎች ጋር ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ ወደ አውሮፓ ተመለሰና "ኩዊንታሌ" ተባለ። ከላቲን ወጥቶ ዐረብ አገር ኖሮ እንደ እንግዳ ወደ ላቲኖቹ ቤት ገባ ማለት ነው።

100 መሆኑ አላጠራጠረም። ጥያቄው የምን 100 የሚለው ነበር። ግብፆች 100 "ረጥል" አሉ፣ ወደ 45 ኪሎ ገደማ። ስፔኖች 100 "ሊብራ" አሉ፣ 46 ኪሎ። ከዚያው ከላቲኑ ቃል "ጸንትነር" ያሉት ጀርመኖች 50 ኪሎ ላይ አቆሙት። ቱርኮችስ "ካንታር" የሚሉት መመዘኛውን ራሱን ነው። ከሁሉ የማደንቀው ግን ፖርቱጋሎቹንና እንግሊዞቹን ነው። የፖርቱጋሉ ኩንታል 128 ፓውንዳቸውን ይዞ ወደ 59 ኪሎ ይደርስ ነበር። እንግሊዞች በበኩላቸው "የመቶ ክብደት" የሚል ስም ሰጥተው 112 ፓውንድ ይመዝኑበት ነበር። እናንተ ይህን ምን ትሉታላችሁ? እኔ አናት ያለው ጆንያ እለዋለሁ።

የኛው 100 ኪሎ የመጣው ከሜትሪኩ ነው። ፈረንሳዮች ኪሎን ካወጡ በኋላ አሮጌውን ቃል ወስደው 100 ኪሎ አለበሱት፤ ጣልያኖችም ተከተሉ። ሕንዶች ዛሬም የስንዴና የሩዝ ዋጋቸውን የሚቆርጡት በዚሁ ባለ 100 ኪሎ ኩንታል ነው። በኔ ጆሮ አማርኛው "ኩ" ብሎ መነሣቱ ከፈረንሳዩ "ካንታል" ይልቅ የጣልያኑን "ኩዊንታሌ" ይመስላል።

ከዚያ በፊት በጌምድር እህል በክብደት አይሸጥም፣ አይለወጥም ነበር፤ በስፍር ነው። 20 ቁና አንድ ዳውላ ነው። እርቦ የቁና ሩብ ነው። ይሄ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ነገር ግን የፋርጣው ቁና ከጋይንቱ፣ የጋይንቱ ከእስቴው እኩል አይደለም፤ አንዱ ጎጆ ያለው ቁና እንኳ ከጎረቤቱ ይለያል። በዚያ ላይ አሰፋፈሩ አለ። ተከምሮ ነው ወይስ አፉ ላይ ተጠርጎ? ሽማግሌዎቻችን ባለጠጋውን የሚያሙት "ሲያበድር በትንሿ ቁና ጠርጎ፣ ሲቀበል በትልቋ ከምሮ" እያሉ ነው። ሴቶቻችን ዛሬም በጣሳ ሲሸምቱ "ምራቂ ጨምሪልኝ" የሚሉት ይህን ስለሚያውቁ ይመስለኛል። ምራቂ ሙግት ሳይነሣ በእጅ የሚከፈል ካሣ ነው።

በ1963 እ.ኤ.አ. ሜትሪኩ በአዋጅ ሕጋዊ መለኪያ ሆነ። ቁና ግን አዋጅ አያነብም። ኩንታልን ገበሬው ደጅ ድረስ ያደረሰው አዋጁ ሳይሆን ኮታው ነው። ደርግ በ1976 እ.ኤ.አ. የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅትን አቋቁሞ ለገበሬ ማኅበራት "ይህን ያህል ኩንታል በዚህ ዋጋ አስገቡ" ሲል፣ ዳውላ የሚለው ቃል ከደረሰኝ ላይ ጠፋ። ዕድሜያቸው የገፋ ገበሬዎች "ኩንታል" ሲሉ አሁንም ትንሽ ይመርራቸዋል። ኮታው እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ድረስ ቆየ። የኮታው ዘመን አልፎ ቃሉ ቀረ፤ ሚዛኑም ቀረ፤ ከሚዛኑ ጎን የሚቀመጠው ሰውም ቀረ።

እንግዲህ የኔ ሥራ እዚህ ይጀምራል። ለጆንያ ተብሎ ከእያንዳንዱ ኩንታል አንድ ኪሎ የሚቀነስባቸው በረንዳዎች አሉ። ድሮ ትክክል ነበር፤ የቃጫው ጆንያ ራሱ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አሁን እህሉ የሚመጣው ነጩ የፕላስቲክ ጆንያ ውስጥ ነው፤ እሱ ቢበዛ 200 ግራም ነው። ጆንያው ተለወጠ፣ ተቀናሹ አልተለወጠም። 50 ኩንታል በጫነ አንድ አይሱዙ ላይ አስሉት፦ 50 ኪሎ ይቀነሳል፣ ጆንያዎቹ ሁሉ ተደምረው 10 ኪሎ አይበልጡም። የተረፈው 40 ኪሎ እህል የማን እንደሆነ ደብተሬ ላይ አይጻፍም።

ስለ እርጥበት ደግሞ የሚያወራ የለም፣ ምክንያቱም ሁለቱንም ወገን ያሳፍራል። ታኅሣሥ ላይ ከአውድማ ተነሥቶ የመጣ እህል እርጥበቱ ሞቅ ያለ ነው። በ16 በመቶ እርጥበት የተመዘነ 100 ኪሎ መጋዘን ውስጥ ደርቆ 12 በመቶ ላይ ሲደርስ 95 ኪሎ ተኩል አይሞላም። አንድ እህል ሳይሰረቅ አራት ኪሎ ተኩል ተኗል። አንዳንዱ ገበሬ ይህን አውቆ ሌሊት ጤዛ ያስመታል፤ ነጋዴውም አውቆ አስቀድሞ በዋጋው ላይ ይቀንሳል። እውነተኛው ገበሬ፣ እህሉን በደንብ አድርቆ ያመጣው፣ ለሌላው ጥፋት ቅጣት ይከፍላል። እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

የሚዛኑን ነገር ደግሞ አትናቁ። የመሬት ሚዛን የቆመበት ወለል ከዘመመ ንባቡ ይዛባል፤ ጆንያው መሐል ላይ ሲያርፍና ጥግ ላይ ሲያርፍ ቁጥሩ ሊለያይ ይችላል። መርማሪዎቹ ሲመጡ ባለ 20 ኪሎ ብረታቸውን አራቱም ጥግ ላይ እያዞሩ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው። ብረት ባይኖራችሁ ገላችሁ አለ፤ ውጡበት፣ ከጥግ ወደ ጥግ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ቁጥሩ አብሯችሁ ከሄደ ሚዛኑን ቀይሩ። ይህን ያደረገ ገበሬ ያየሁት ጥቂት ነው፤ ካደረገ በኋላ ግን የጸሐፊው አያያዝ ሲለወጥ አይቻለሁ። ጸሐፊው እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ።

ግር የሚያሰኝ ሌላም አለ። የማዳበሪያና የሲሚንቶ ዋጋ በኩንታል ይተመናል፣ ከረጢታቸው ግን 50 ኪሎ ነው። "ኩንታል ማዳበሪያ" ያለ ገበሬ ሁለት ከረጢት ይሸከማል። ያው ከረጢት ባዶ ሲሆን ስሙ "ማዳበሪያ" ሆኖ ይቀራል፣ እህል ሞልቶ ደግሞ "ግማሽ ኩንታል" ይባላል፤ ጤፍ ከሆነ ከግማሽ ይበልጣል፣ ገለባው ያልተፈተገ ገብስ ከሆነ ያንሳል። ጤፍ ጥቅጥቅ ይላል፣ ገብስ ይንሳፈፋል።

ቡና የሚሸጡትን ሰዎች ብታገኙ ደግሞ ሌላ ቋንቋ ይናገራሉ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሰሊጥን በኩንታል እያገበያየ ቡናን በፈረሱላ ያገበያያል፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። እሱም ከዐረብና ከሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች የመጣ ቃል ነው፣ ዛንዚባር ላይ ግን 16 ኪሎ አይሞላም ነበር። የጎንደር ወርቅ ሠሪዎች ወቄት የሮማውያኑ "ኡንኪያ" የልጅ ልጅ ነው፤ የአንዲት ማርያ ቴሬዛ ብር ያህል፣ 28 ግራም ይመዝናል። በዚህች አገር ወርቁም ቡናውም እህሉም በሩቅ አገር ሰዎች ቃል ይመዘናል፤ በኛው ቃል የሚሰፈረው በቁናና በእርቦ የቀረው ብቻ ነው።

ቻይናዎች በሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ እህል የሚጭኑ ሹፌሮች ጋፋት አጠገብ ሲደርሱ የሚቀልዱት አለ። አፄ ቴዎድሮስ በ1867 እ.ኤ.አ. እዚያ ያስቀለጡት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ገደማ፣ ማለትም 70 ኩንታል ነው። "የኔ አይሱዙ 50 ኩንታል ይዞ ዳገቱ ላይ ያቃስታል፣ እሳቸው 70ውን ኩንታል በሰው ጉልበት መቅደላ አወጡት" ይላሉ። የመድፉን መንገድም እሳቸው ነበሩ ያስጠረጉት፣ በጅጣና በበሽሎ ገደል። ይህን የሰማ ረዳት አንድ ቀን "ለጆንያ አንድ ኪሎ ተቀንሶ ነው?" ብሎ አስቆናል።

ኩንታሉ በትክክል ስንት እንደሆነ የማያጣው ግን ሌላ ሰው ነው። ጫኝና አውራጁ ሙሉ ኩንታል በጀርባው ይሸከማል፣ የሚከፈለውም በፍሬ ነው። አናት ያለውን ድንች ወይም ለመጋዘን ታስቦ ተጠቅጥቆ የተሞላን ጆንያ አንዴ ከመሬት ካነሣው በኋላ "ይሄ ኩንታል አይደለም፣ አንድ ከሩብ ነው" ብሎ ያስቀምጠዋል። ደላላው ይሳደባል፣ ነጋዴው "ተው እንጂ ወንድም ዓለም" ይላል። እሱ ግን ትከሻውን ይዞ ይቆማል። መጨረሻ ላይ ይጨመርለታል። ገበሬው ያንኑ ጆንያ በአንድ ኩንታል ዋጋ ሸጦ ገንዘቡን እየቆጠረ፣ ነጋዴው ለማስጫኛ የአንድ ከሩብ ሲከፍል አጠገቡ ቆሞ ያያል።