«ወደ ኋላ» ወዴት ነው? ስለ አንድ የፈረንሳይ አጭር ፊልም የተዘጋጀን የመዝገበ ዕውቀት ጽሑፍ ስለ ማረም

በደብረ ሲና ከተማ የሚያስተምር አንድ ባልደረባችን ለአማርኛ ውክፔዲያ ያዘጋጀውን ረቂቅ እንድናይለት ልኮልን ነበር። ረቂቁ የሚያትተው እ.ኤ.አ. በ1962 ስለ ተሠራው «ላ ዠቴ» ስለ ተባለው የፈረንሳይ ፊልም ነው። ሁለት ገጽ የማይሞላ ጽሑፍ በመሆኑ በግማሽ ቀን የምንጨርሰው መስሎን ነበር፤ ሆኖም ሳምንታት ፈጀብን። ከዚያም በኋላ ቢሆን አንድ ከባድ ስሕተት ከዓይናችን አምልጦ ለንባብ በቅቷል። ነገሩ ለተርጓሚዎችና ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የሚጠቅም ስለ መሰለን እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

ፊልሙን ላላዩት ጥቂት መናገር ያሻል። «ላ ዠቴ» የክሪስ ማርኬር ሥራ ሲሆን ርዝመቱ 28 ደቂቃ ነው። ከሞላ ጎደል የተሠራው ጥቁርና ነጭ በሆኑና ቀጥ ብለው በቆሙ ፎቶግራፎች ነው፤ ታሪኩን የሚተርክ አንድ ድምፅ ከምስሎቹ ጋር ይሄዳል። በፊልሙ ውስጥ በእውነት የሚንቀሳቀስ አንድ ምስል ብቻ አለ፤ ይኸውም አንዲት ሴት ተኝታ ሳለች ዓይኖቿን ስትገልጥ የሚታይበት ነው። በሦስተኛው የዓለም ጦርነት ፓሪስ ከወደመች በኋላ የተረፉት ሰዎች ከመሬት በታች ይኖራሉ። አንድ እስረኛ በልጅነቱ በኦርሊ አውሮፕላን ማረፊያ ባየው የሴት ፊትና የአንድ ሰው አሟሟት ትዝታ የተነሣ ተመርጦ ዘመንን ተሻግሮ ይላካል። በመጨረሻም በልጅነቱ ያየው የራሱን ሞት እንደ ነበረ ይረዳል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1963 የዣን ቪጎን ሽልማት አግኝቷል፤ «አሥራ ሁለት ጦጣዎች» ለተባለው የ1995 የአሜሪካ ፊልምም መነሻ ሆኗል።

የመጀመሪያው እንቅፋት የገጠመን ገና ከሥራው ስም ነው። በውክፔዲያ ገጽ ራስጌ ላይ የሚገኘው ትእዛዝ «አርም» ይላል። ማረም በገበሬው ዘንድ ከሰብል መካከል አረምን መንቀል ነው፤ በማተሚያ ቤት ደግሞ የፊደል ግድፈትን መልቀም ነው። ከዚህ ጋር የሚፎካከረው «አርትዖት» ከግዕዙ ረትዐ (ቀና፣ ተስተካከለ) የወጣ ሲሆን «ርትዕ» እና «ርቱዕ» ዘመዶቹ ናቸው። አርታዒ እንግዲህ የተጣመመውን የሚያቀና ነው። (በ«አ» መጻፉ እየተለመደ ቢሄድም ሥሩን ለማያውቅ አንባቢ የቃሉን ዘመዶች ይሰውርበታል።) ሁለቱም ግን አስቀድሞ የተጻፈ ነገር መኖሩን ይጠይቃሉ። ባልደረባችን ከባዶ ገጽ ላይ ሲጀምር የሚነቅለው አረም አልነበረም፤ የሚሠራው መዝራት ነበር። ቢሆንም «አርም» አጭር፣ ለሁሉም የሚገባና ከሥራ ላይ የዋለ ቃል ስለሆነ እንዲለወጥ አንመክርም።

ችግሩ የሚብሰው ስለ ፊልም ስንጽፍ ነው። ረቂቁ «አዘጋጅ፦ ክሪስ ማርኬር፤ አርታዒ፦ ዣን ራቬል» ይል ነበር። በቴአትር ማስታወቂያ ላይ «ደራሲና አዘጋጅ» ሲባል ተዋንያኑን የሚመራው ሰው ማለት ነው፤ በጋዜጣ ላይ «ዋና አዘጋጅ» ሲባል ግን ጽሑፎችን የሚመርጥና የሚያርም ማለት ነው። ስለዚህ ያንን መሥመር ያነበበ ሰው ማርኬር መጽሔት የሚያዘጋጅ፣ ራቬልም የእርሱን ጽሑፍ የሚያርም ቢመስለው አይፈረድበትም። ፈረንሳይኛው የራቬልን ሥራ «ሞንታዥ» ይለዋል፤ መግጠም፣ መገጣጠም እንደ ማለት ነው። እንግሊዝኛው ደግሞ ለጽሑፍ እርማትም ለፊልም ቅንብርም የሚጠቀመው በአንድ ቃል ነው። ባልደረባችን ከእንግሊዝኛ ገጽ ስለ ተነሣ መንታውን ትርጉም ሳያስተውለው ወደ አማርኛ አሻግሮታል። እኛ «ዳይሬክተር» እና «የምስል ቅንብር» አልን። «ዳይሬክተር» ደግሞ የመሥሪያ ቤት ኀላፊን ያስታውሳል የሚል ወቀሳ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ነገር ግን በፊልም ገጽ ላይ የመሥሪያ ቤት ኀላፊ የሚፈልግ አንባቢ አይኖርም።

«ተንቀሳቃሽ ሥዕል» የሚለውን ፍቺ ረቂቁ በመግቢያው ላይ አስፍሮት ነበር። ለሌላ ፊልም የማያስነቅፍ ቢሆንም እዚህ ላይ ሐሰት ይሆናል፤ ሥዕሉ አይንቀሳቀስምና። ማርኬር ራሱ ሥራውን የሰየመው «ፎቶ-ሮማን» ብሎ ነው። «ሮማን» ለሚለው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት መጽሐፍ ርእስ የሆነው «ልብ ወለድ» አለልን፤ ስለዚህ «የፎቶግራፍ ልብ ወለድ» አልነው። ለዘውጉ ጠቅላላ ስም «ፊልም» በቂ ነው። «አጭር ፊልም» የሚለውም «አጭር ልብ ወለድ» በከፈተው መንገድ የሚሄድ በመሆኑ አያከራክርም። የሚያከራክረው ቃሉ ሳይሆን ልኩ ነው፤ ለኦስካር ሽልማት አጭር የሚባለው ከ40 ደቂቃ የማይበልጠው ሲሆን፣ በፈረንሳይ ግን ከአንድ ሰዓት በታች የሆነው ሁሉ ነው። የፈረንሳይኛው ስያሜ የሚናገረው ስለ ደቂቃም አይደለም፤ የፊልሙ ጥቅል በሜትር ሲለካ አጭር ነው ማለቱ ነው።

ርእሱን በተመለከተ «ዠቴ» ማለት ከ«መወርወር» የመጣ ሆኖ ወደ ባሕር የተወረወረ የግንብ መድረክ ማለት ነው፤ በኦርሊ ደግሞ ሰዎች አውሮፕላን ሲነሣና ሲያርፍ የሚመለከቱበት ነው። ከመካከላችን «አፋፍ» ይሁን ያለ ነበር። ቃሉ ውብ ነው፤ ከጣርማ በር አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል የተመለከተ ሰው የፊልሙን መጨረሻ ስሜት ያገኘዋል። ነገር ግን አፋፍ የተፈጥሮ ነው፤ ሰው አይገነባውም። ስለሆነም ርእሱ «ላ ዠቴ» ተብሎ በፊደላችን እንዲጻፍ፣ ፍቺውም «ሰገነቱ» እንዲሆን አደረግን። «ዠ» ያለው ፊደል ይዘን «ጄቴ» የምንልበት ምክንያት አልታየንም።

የተረፉት ሰዎች የሚኖሩበትን ስፍራ ረቂቁ «ጋለሪ» ይለው ነበር። ይህ ቃል በአማርኛ የሥዕል ማሳያ አዳራሽ ስለሆነ ከጦርነት የተረፈ ሕዝብ በሥዕሎች መካከል ተጠልሎ የሚኖር ያስመስላል። በምትኩ «ዋሻ» አልን። «ዋሻ የተፈጥሮ ብቻ አይደለምን?» የሚል ተቃውሞ ሲነሣ ምስክራችን ቅርብ ነበር፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ጣርማ በር ላይ ተራራውን ፈልፍለው የሠሩት፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የመኪና መንገድ በሕዝቡ አፍ ዋሻ ነው የሚባለው።

አሁን ከዓይናችን ወዳመለጠው ስሕተት እንመለስ። ረቂቁ «እስረኛው ወደ ኋላ ዘመን ተላከ» ይል ነበር። አንብበን አለፍነው። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ያነበበው አንድ ተማሪ ሰውየው ወደሚመጣው ዘመን የሄደ መስሎት ታሪኩ ሁሉ ተገለበጠበት። ተማሪው አልተሳሳተም። «ኋለኛው ዘመን» የሚመጣው፣ የመጨረሻው ዘመን ነው፤ «በኋላ» ማለትም ገና የሚሆን ነው። «ወደ ኋላ» ግን ወዳለፈው መመለስ ነው። «ፊት»ም እንደዚሁ ነው፤ «በፊት» ያለፈው፣ «ወደፊት» የሚመጣው ነው።

ይህ የቋንቋው ጉድለት አይደለም። ሁለት የተለያዩ አስተያየቶች በአንድ ጥንድ ቃል ስለሚያድሩ ነው። በአንደኛው ሰው በዘመን ውስጥ ይጓዛል፤ የሚደርስበት ከፊቱ፣ የተወው ከኋላው ነው። በሌላው ግን የሚጓዙት ክንውኖች ናቸው፤ እንደ ቅፍለት ተሰልፈው ሲሄዱ ቀድሞ የሆነው ከፊት፣ ተከትሎ የሚሆነው ከኋላ ይገኛል። ፈረንሳይኛም «አቫን» ሲል «በፊት»፣ «አን አቫን» ሲል «ወደ ፊት» ማለቱ ስለሆነ ከዚህ ነጻ አይደለም። በተለመደ ትረካ ዐውዱ ያግዛል። ሰውየው ራሱ ዘመንን ተሻግሮ በሚመላለስበት ታሪክ ግን ዐውዱ ራሱ ይከዳል።

ነገሩን በሚገባ የተረዳነው ጉዳዩን ለመነጋገር ባልደረባችንን ጣርማ በር ላይ በቀጠርንበት ቀን ነው። «ከዋሻው በፊት እንገናኝ» ብለን ነበር። እኛ ከደብረ ብርሃን በኩል መጥተን ከዋሻው በፊት ቆምን፤ እርሱም ከደብረ ሲና ወጥቶ ከዋሻው በፊት ቆመ። ጉሙ ደግሞ ዐሥር እርምጃ አያሳይም። ከአንድ ሰዓት በላይ ሁላችንም በታማኝነት «በፊት» ስንጠባበቅ ቆየን። በመጨረሻ ቆሎ የምትሸጥ አንዲት ልጅ ከዋሻው ወጥታ «እናንተን የሚጠብቁ ሰው በደብረ ሲና በኩል ቆመዋል» አለችን። «በፊት» ሆነ «በኋላ» አላለችም፤ ከየትም ቢመጡ የማይለወጥ ምልክት ሰጠችን። እኛም ከዚያ ስንመለስ ጽሑፉን በዚሁ መንገድ አረምነው። «ወደ ኋላ» እና «ወደ ፊት» የነበሩትን ሁሉ «ወዳለፈው ዘመን» እና «ወደ መጪው ዘመን» አልናቸው። የጊዜ ሻጋሪ ታሪክ የሚተረጉሙ ሁሉ ጥንዱን ቃል ለስፍራ ብቻ ቢያስቀሩት ይበጃል ባዮች ነን።

አንድ ነገር ይቀራል፤ በእኛ ግምት ከሁሉ የከበደውም እርሱ ነው። የአማርኛ ውክፔዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች ያሉት ትንሽ መዝገብ ነው። በትንሽ መዝገብ ውስጥ አንድ ሰው በአንድ ምሽት የፈጠረው ቃል ብዙ ሳይቆይ ብቸኛው ምስክር ይሆናል። ጋዜጠኛ ከዚያ ይወስደዋል፣ ለመተርጐም የሚሠለጥኑ የኮምፒውተር መሣሪያዎች ይማሩበታል፤ እኛም የመዝገበ ቃላት ጥቅስ ስንለቅም ከጋዜጣው አግኝተን «ከሥራ ላይ የዋለ» ብለን እንመዘግበዋለን። ቃሉ እንዲህ ዞሮ ራሱን ሲመሰክር የሚያጋልጠው የለም። የውክፔዲያ ደንብ የራስን ግኝት ማስፈርን የሚከለክል በመሆኑ በዚህ ረገድ ከብዙዎቻችን ይልቅ ጠንቃቃ ነው፤ ቃል መፍጠርም በእኛ አስተያየት ከግኝት ይቆጠራል።

መፍትሔውም እዚያው ገጹ ላይ ይገኛል። «ታሪክ» የሚለው ክፍል እያንዳንዱን ለውጥ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይዞ ያቆያል። አንድ ቃል መቼ እንደ ገባ፣ መቼ በሌላ እንደ ተተካ ለማወቅ ለሚሻ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ እንዲህ ያለ ሰነድ ከዚህ ቀደም በእጁ አልነበረም፤ ጥቅስ ከመልቀማችን በፊት ቃሉ እዚያ የገባበትን ቀን ከሌሎች ምንጮች ቀን ጋር ማስተያየት እንችላለን። «ውይይት» የሚለው ክፍል ደግሞ ለአዳዲስ ቃላት የተመቸ ነው። በዚህ መሠረት በዋናው ጽሑፍ ላይ ያስቀረነው በሌላ ቦታ ታትሞ የምናገኘውን ቃል ብቻ ነው። «የፎቶግራፍ ልብ ወለድ» የእኛ ሥራ በመሆኑ ከነምክንያቱ ወደ ውይይቱ ተዛውሯል፤ በጽሑፉ ላይ «ፎቶ-ሮማን» ተብሎ በማርኬር ስያሜ ተጠቅሷል። «የምስል ቅንብር» ላይ ግን ባልደረባችን አልተስማማም። በፊልም ሠሪዎቹ ዘንድ የሚነገረው «ኤዲቲንግ» ነው ይላል፤ የሁለታችንም ማስረጃ በውይይቱ ገጽ ጎን ለጎን ሰፍሯል።