ያለ ጊዜው ማረጥና የእናቶቻችን ልብ

እናታችን «አርጫለሁ» ስትለን የዕድሜ ነገር ነው ብለን እናልፈዋለን። በስንት ዓመቷ እንዳረጠች ግን አንጠይቅም። ሐይድ ከ45 ዓመት በፊት ጨርሶ ከተቋረጠ ያለ ጊዜው ማረጥ ነው፤ ከ40 በፊት ሲሆን ይበልጥ ያሳስባል። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲቀንስ ጎጂው ኮሌስትሮል ይጨምራል፤ ስብ ወደ ሆድ ይሰበሰባል፤ የኢንሱሊንም ሥራ ይዳከማል። ስለዚህ ቀድማ ያረጠች ሴት ለስኳርና ለልብ ሕመም ከእኩዮቿ ይበልጥ ትጋለጣለች።

ሐፍረት ሐኪም ከማማከር አያግዳት። የደም ግፊቷን፣ ስኳሯንና ኮሌስትሮሏን ትለካ፤ ሆርሞን የሚተካ ሕክምና ይስማማት እንደሆነም ትጠይቅ። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድም ልብን ይጠብቃል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ለዚህ ይመቻል፤ ዳገት ስትወጣ ደረቷን የሚያማት ግን አስቀድማ ትመርመር። ባሎችና ልጆች ሆይ! ብቻዋን አትላኳት፤ አብራችኋት ውጡ።